ካንዴላና ከፍታ፤ ለአሮጌ የስፖርት መኪና ተስማሚውን ካንዴላ የመምረጥ ፊዚክስ

ውኃ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቃለን። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በላይዋ ያለው አየር ክብደቱ ከባሕር ዳር ከተሞች ያነሰ ነው። የከባቢ አየር ግፊቷም በባሕር ጠለል ላይ ካለው ግፊት ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ይህ እውነታ ግን በሻይ ማፍያ ላይ ብቻ አያበቃም። በጣሊያን ወይም በጃፓን፣ ለባሕር ጠለል አየር ታስቦ የተሠራ አንድ አሮጌ የስፖርት መኪና በቦሌ ጎዳና ላይ ለምን እንደሚንተፋተፍ፣ ማርሚታውም ለምን ጥቁር ጭስ እንደሚተፋ የሚያስረዳን ይኸው የአየር ግፊት ነው።

መኪናው ሲንተፋተፍ ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚለውጠው ካንዴላውን ነው። ካንዴላ ከመኪና መለዋወጫዎች ሁሉ በዋጋው ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ስለሆነ እርምጃው የሚያስገርም አይደለም። ሆኖም ይህ ርካሽ ዕቃ ያለ ጥናት ከተመረጠ በጣም ውድ የሆነውን የሞተር ክፍል፣ ማለትም ፒስተኑን፣ ሊያቀልጠው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ ከተገለጸ ወዲህ ደግሞ፣ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና በጥንቃቄ መያዝ ከምንጊዜውም በላይ ትርጉም አግኝቷል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ካንዴላ እንዴት እንደሚሠራ፣ የአዲስ አበባ ከፍታ ምን እንደሚያደርገው፣ ምርጫውም በምን መመዘኛ ሊከናወን እንደሚገባ ቀለል ባለ ስሌት እየደገፍን እንመለከታለን።

ካንዴላ ምንድን ነው?

«ካንዴላ» የሚለው ስም እንደ «ማርሽ»፣ «ፍሬን» እና «ቦቢና» ሁሉ ከጣሊያንኛ የወረስነው ሲሆን፣ የመጀመሪያ ትርጉሙ ሻማ ማለት ነው። ዕቃው በአጭሩ ሲገለጽ በሞተሩ ቴስታታ ውስጥ የሚታሰር፣ መካከሉ ላይ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ዘንግ ያለው፣ ዘንጉም በነጭ ሴራሚክ የተከበበ ብሎን ነው። ከመካከለኛው ዘንግ (ኤሌክትሮድ) ጫፍ ትይዩ ከብረት አካሉ የተቀጠለ ሌላ ኤሌክትሮድ ይገኛል። በሁለቱ መካከል ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይርቅ ክፍተት አለ። ብልጭታው የሚዘለው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ሥራው ቀላል አይደለም። በአራት ምት ሞተር እያንዳንዱ ካንዴላ በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ብልጭታ ይሰጣል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ይህ በሴኮንድ 50 ብልጭታ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ዑደት ካንዴላው ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚደርስ የቃጠሎ ጋዝ ይነካዋል፤ ወዲያውም ቀዝቃዛ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ያርፍበታል። እንግዲህ ካንዴላ በአንድ ጊዜ ሁለት ኃላፊነት አለበት፤ አንደኛው ኤሌክትሪካዊ፣ ሁለተኛው ሙቀታዊ ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ መጀመሪያው ብቻ ሲሆን፣ በምርጫ ጊዜ ይበልጥ ወሳኙ ግን ሁለተኛው ነው።

ብልጭታውና ስስ አየር

በአሮጌ መኪናዎች ብልጭታው የሚመነጨው በቦቢናና በፑንቲና አማካይነት ነው። ፑንቲናው ሲገጥም በቦቢናው ቀዳሚ ጥቅል ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ያልፋል፤ ጉልበትም በማግኔታዊ መስክ መልክ ይከማቻል። የዚህ ጉልበት መጠን የጥቅሉ ኢንዳክታንስ በጅረቱ ስኩዌር ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ለምሳሌ ኢንዳክታንሱ 8 ሚሊ ሄንሪ፣ ጅረቱ 4 አምፔር ቢሆን የተከማቸው ጉልበት 64 ሚሊ ጁል ይሆናል። ፑንቲናው ሲላቀቅ መስኩ በድንገት ይፈርሳል፤ ብዙ ዙር ባለው ሁለተኛ ጥቅል ላይም በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናንሳ። የአዲስ አበባ አየር ስስ መሆኑ ብልጭታውን ያዳክመዋልን? ብዙዎች «አዎ» ብለው ይመልሳሉ። የፊዚክስ መልስ ግን ተቃራኒው ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፓሽን እ.ኤ.አ. በ1889 ባቀረበው ሕግ መሠረት፣ በጋዝ ውስጥ ብልጭታ ለማዝለል የሚያስፈልገው ቮልቴጅ በጋዙ ግፊትና በክፍተቱ ስፋት ብዜት ይወሰናል። የሞተር ሲሊንደርን በመሰለ ከፍተኛ ግፊት ውስጥ፣ መጠነ ሙቀቱ ተመሳሳይ እስከሆነ ድረስ፣ ግንኙነቱ ወደ ቀጥተኛ ተመጣጣኝነት የቀረበ ነው። የሚገባው አየር ግፊት በአንድ አራተኛ ሲቀንስ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ተጨምቆ የሚደርስበትም ግፊት በዚያው መጠን ይቀንሳል። በመሆኑም ነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ብልጭታው በአዲስ አበባ ከምጽዋ ወይም ከጅቡቲ በቀለለ ቮልቴጅ ይዘላል።

እንግዲያውስ ችግሩ ከየት ይመጣል? ችግሩ ያለው በብልጭታው ሳይሆን በድብልቁ ላይ ነው።

ካርቡራቶሩ የማያውቀው ነገር

የዘመናዊ መኪና ኮምፒዩተር የአየሩን መጠን በሴንሰር እየለካ ቤንዚኑን ያስተካክላል። ካርቡራቶር ግን ይህን አያውቅም። ካርቡራቶር የሚሠራው የአየሩ ፍሰት በሚፈጥረው የግፊት ልዩነት ቤንዚንን በጠባብ ቀዳዳ በመሳብ ነው። ስሌቱን እንመልከት። ሞተሩ በተወሰነ ፍጥነት ሲዞር የሚስበው የአየር ይዘት (ቮልዩም) አይለወጥም፤ ስለዚህ የአየሩ ክብደት በቀጥታ ከእፍግታው ጋር ይወርዳል። የቤንዚኑ ፍሰት ግን የሚከተለው የግፊት ልዩነቱን ስኩዌር ሩት ነው፤ የግፊት ልዩነቱ ደግሞ ከአየሩ እፍግታ ጋር ስለሚመጣጠን፣ ቤንዚኑ የሚቀንሰው በእፍግታው ስኩዌር ሩት ብቻ ነው።

የአዲስ አበባ አየር እፍግታ ከባሕር ጠለል አየር 0.76 እጥፍ ነው እንበል። አየሩ ወደ 76 በመቶ ሲወርድ ቤንዚኑ የሚወርደው ወደ 87 በመቶ ብቻ ነው፤ የ0.76 ስኩዌር ሩት 0.87 ነውና። ሁለቱን ብናካፍል ድብልቁ ወደ 15 በመቶ ገደማ በቤንዚን የበለጸገ ሆኖ እናገኘዋለን። በባሕር ጠለል ላይ ለአንድ ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም አየር ይሰጥ የነበረ ካርቡራቶር፣ እዚህ 12.8 ግራም አየር ብቻ ይሰጣል ማለት ነው። የተረፈው ቤንዚን ሙሉ በሙሉ አይነድም። ከፊሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ወደምንተነፍሰው አየር ይወጣል፤ ከፊሉ ደግሞ ጥቀርሻ ሆኖ በካንዴላው ሴራሚክ አፍንጫ ላይ ይለጠፋል።

ጥቀርሻ ካርቦን ነው፤ ካርቦንም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ንጹሕ ሴራሚክ ሬዚስታንሱ እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ ኤሌክትሪክ በእሱ በኩል ሊያልፍ አይችልም። ጥቀርሻ የለበሰ ሴራሚክ ግን ሬዚስታንሱ ወደ 0.5 ሜጋ ኦም ቢወርድ ምን ይሆናል? በኦም ሕግ መሠረት በ15 ኪሎ ቮልት ላይ 30 ሚሊ አምፔር በጥቀርሻው በኩል ወደ ብረት አካሉ ይሾልካል። ቀደም ሲል የጠቀስነው ቦቢና የሁለተኛው ጥቅል ዙር ከቀዳሚው 100 እጥፍ ቢሆን፣ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛው ጅረት 40 ሚሊ አምፔር ነው። ከዚህ ውስጥ 30ው ሾልኮ ካለቀ ቮልቴጁ ብልጭታውን ወደሚያዘልበት ደረጃ ሊወጣ አይችልም። ሞተሩ የሚንተፋተፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ እንደ ቀዳዳ ባልዲ ነው፣ ውኃው ከመሙላቱ በፊት ይፈስሳል።

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ግልጽ ነው። በከፍታ ምክንያት የጠቆረ ካንዴላ በሽታው ሳይሆን የበሽታው ምልክት ነው። ካንዴላ ከመለወጥ በፊት የአየር ፊልትሮው መጽዳቱ፣ ቾኩ ሙሉ በሙሉ መከፈቱ፣ የካርቡራቶሩም የቤንዚን ቀዳዳ (ጂግለር) ለከፍታው መስተካከሉ መረጋገጥ አለበት። በእኛ ስሌት የቀዳዳው ስፋት በ13 በመቶ፣ ዲያሜትሩ ደግሞ በ7 በመቶ ገደማ መቀነስ ይኖርበታል፤ ለምሳሌ 1.30 ሚሊ ሜትር የነበረ ቀዳዳ ወደ 1.21 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይወርዳል ማለት ነው።

«ሞቃት» እና «ቀዝቃዛ» ካንዴላ

አሁን ወደ ሙቀቱ እንሂድ። የካንዴላው አፍንጫ ጥቀርሻውን ራሱ አቃጥሎ እንዲያጸዳ ቢያንስ ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቅ አለበት። በሌላ በኩል ከ850 ዲግሪ በላይ እየሞቀ ከሄደ ብልጭታው ሳይዘል በግለቱ ብቻ ድብልቁን ሊያቀጣጥል ይችላል። ስለዚህ ካንዴላ ከቀላል ጉዞ እስከ ከባድ ጉዞ በእነዚህ ሁለት ወሰኖች መካከል መቆየት ይገባዋል። ይህን የሚወስነው የሙቀት ደረጃው ነው።

«ሞቃት ካንዴላ» ሲባል ጠንካራ ብልጭታ የሚሰጥ ማለት አይደለም። ልዩነቱ የሴራሚኩ አፍንጫ ርዝመት ነው። በስብሰባ የተሞላ አዳራሽን በምሳሌነት እንውሰድ። መውጫው አጭርና ሰፊ ኮሪደር ከሆነ ሕዝቡ ቶሎ ይወጣል፤ ኮሪደሩ ረጅምና ጠባብ ከሆነ ግን አዳራሹ ውስጥ ይጨናነቃል። ሙቀትም እንዲሁ ነው። አፍንጫው ረጅም ከሆነ ሙቀቱ በውኃ ወደሚቀዘቅዘው ቴስታታ ለመድረስ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ጫፉ ይግላል፤ ይህ ሞቃት ካንዴላ ነው። አፍንጫው አጭር ከሆነ ሙቀቱ በፍጥነት ስለሚወጣ ጫፉ ይቀዘቅዛል፤ ይህ ቀዝቃዛ ካንዴላ ነው። የስፖርት መኪና ሞተር በከፍተኛ ዙርና በከባድ ጭነት እንዲሠራ ስለሚታሰብ፣ አምራቹ ብዙውን ጊዜ ከተራ መኪና ይልቅ ወደ ቀዝቃዛው ያዘነበለ ካንዴላ ይመርጥለታል።

የአዲስ አበባ ነጂ አጣብቂኝ እዚህ ላይ ይገለጣል። በስስ አየር ምክንያት ሞተሩ የሚያቃጥለው ነዳጅና የሚያመነጨው ሙቀት ያነሰ ነው። ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ወደ መገናኛ፣ ከዚያም ወደ ሲ.ኤም.ሲ. እና አያት በሚወስደው መንገድ በመጨናነቅ ሰዓት የሚጓዝ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ቆሞ ወይም በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ነው። ቀዝቃዛው ካንዴላ 450 ዲግሪ ሳይደርስ ይውላል፤ ጥቀርሻም ይሰበስባል። ታዲያ ወደ ሞቃት ካንዴላ መሄድ መፍትሔ አይሆንምን?

ሁለቱ ስሕተቶች እኩል አይደሉም

ከአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል የሚነሳ መኪና ሁልጊዜ በከተማ አይቀርም። በጎሮ አድርጎ ወደ ቱሉ ዲምቱ ከወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ለአገልግሎት የተከፈተውንና ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ያገኛል። እዚያ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ያለ ዕረፍት በከፍተኛ ዙር ይሠራል። መንገዱም ቁልቁል ነው። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ 81 በመቶ ይደርሳል። ጉዞው ወደ አዋሽ ከቀጠለ 1,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ግፊቱ 89 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ከአዲስ አበባው ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ አምስተኛ የቀረበ ጭማሪ ነው። ሲሊንደሩ የበለጠ አየር ይሞላል፣ የበለጠ ነዳጅ ያቃጥላል፣ የውጪው አየርም ይሞቃል። በተጨማሪም ለአዲስ አበባ ተብሎ የተስተካከለው ካርቡራቶር በዚህ ወፍራም አየር ውስጥ ድብልቁን ያሳሳዋል። በመጠኑ የሳሳ ድብልቅ ደግሞ የካንዴላውን ጫፍና ፒስተኑን ይበልጥ ያግላል።

በከተማ ትክክለኛ መስሎ የታየ ሞቃት ካንዴላ እዚህ አደጋ ይሆናል። ጫፉ ግሎ ድብልቁን ከብልጭታው በፊት ሲያቀጣጥል፣ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ግፊቱና ሙቀቱ ይጨምራል። የጨመረው ሙቀት ጫፉን የበለጠ ያግለዋል፤ የበለጠ የጋለው ጫፍ ደግሞ በቀጣዩ ዑደት ይበልጥ ቀድሞ ያቀጣጥላል። ይህ ራሱን በራሱ እያጎለበተ የሚሄድ ዑደት ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ፒስተኑ የሚሠራበት የአሉሚኒየም ቅይጥ ደግሞ ከዚያም በዝቅተኛ ሙቀት መቅለጥ ይጀምራል። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የፒስተኑ አናት ሊበሳ ይችላል።

እንግዲህ ሁለቱን ስሕተቶች እናወዳድር። ካንዴላው ከሚገባው በላይ ቀዝቃዛ ቢሆን ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል። መድኃኒቱ ማጽዳት ወይም መለወጥ ነው። ከሚገባው በላይ ሞቃት ቢሆን ግን ሞተሩ በከተማ ውስጥ ምንም ምልክት ሳያሳይ ቆይቶ በፈጣን መንገድ ላይ ሊበላሽ ይችላል፤ ይህም በቀላሉ አይጠገንም። አንደኛው ስሕተት ይመለሳል፣ ሁለተኛው አይመለስም። ስለዚህ ካንዴላ የሚመረጠው መኪናው በሚሄድበት ቀርፋፋ መንገድ ሳይሆን በሚገጥመው ከባድ ሁኔታ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና መልእክትም ይኸው ነው።

በዚህ መሠረት መነሻው አምራቹ ያዘዘው የሙቀት ደረጃ ነው። ካርቡራቶሩ ከተስተካከለ በኋላም ካንዴላው መጥቆሩን ካላቆመና መኪናው ከከተማ የማይወጣ ከሆነ፣ አንድ ደረጃ ብቻ ወደ ሞቃቱ መሄድ ይቻላል። ሁለት ደረጃ መዝለል ግን አይመከርም። ወደ አዳማና ወደ አዋሽ ከመውረድ በፊት የፋብሪካው ደረጃ ያለውን ካንዴላ መልሶ ማሰር ያስፈልጋል።

በካንዴላው ላይ የተጻፈውን ማንበብ

ለምሳሌነት ዳትሰን 240 ዜድን እንውሰድ። ይህ ባለ ስድስት ሲሊንደር ጃፓናዊ የስፖርት መኪና እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1973 የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር ያሸነፈ በመሆኑ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። የሚስማማው የተለመደ ካንዴላ የኤን.ጂ.ኬ. ሥሪት የሆነው «ቢፒ6ኢኤስ» ነው። ፊደሎቹ እያንዳንዳቸው ትርጉም አላቸው። «ቢ» የብሎኑ ጥርስ ዲያሜትር 14 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ «ፒ» የሴራሚኩ ጫፍ ወደ ውጪ ወጣ ማለቱን፣ «6» የሙቀት ደረጃውን፣ «ኢ» የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ «ኤስ» ደግሞ መካከለኛው ኤሌክትሮድ የመዳብ እምብርት ያለው መደበኛ ዓይነት መሆኑን ያመለክታሉ። ከ«ፒ» ቀጥሎ «አር» ከተጨመረ በውስጡ የሬዲዮ ረብሻን የሚቀንስ፣ ብዙውን ጊዜ 5 ኪሎ ኦም ገደማ የሆነ ሬዚስተር አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢን የሚያሳስት ነገር አለ። በኤን.ጂ.ኬ. እና በዴንሶ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል። በቦሽና በቻምፒዮን ግን ተቃራኒው ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይሞቃል። የኤን.ጂ.ኬ. «ቢፒ6ኢኤስ» አቻዎቹ የቦሽ «ደብልዩ7ዲሲ»፣ የቻምፒዮን «ኤን9ዋይሲ» እና የዴንሶ «ደብልዩ20ኢፒ» ናቸው። የቦሽ ካንዴላ ሲጠቀም የነበረ ሰው «ቀዝቀዝ ያለ ልግዛ» ብሎ ቁጥሩን ከ7 ወደ 8 ቢያሳድግ የሚያገኘው ሞቃቱን ነው። በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ የመለዋወጫ መደብር ካንዴላ ስንገዛ ቁጥሩን ከአምራቹ ስም ነጥለን መናገር የሌለብን ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የጥርሱ ርዝመት ነው። በከተማችን ለረጅም ዘመን ያገለገሉት ከኋላ ሞተር ያላቸው ቮልስዋገኖች የሚወስዱት 12.7 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለውን ካንዴላ ነው። ዲያሜትሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ የ19 ሚሊ ሜትሩም እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ሆኖም ጫፉ ወደ ሲሊንደሩ ጠልቆ በፒስተኑ ሊመታ ይችላል። በተቃራኒው አጭሩ በረጅሙ ቀዳዳ ውስጥ ቢገባ ብልጭታው በጉድጓድ ውስጥ ይደበቃል፤ ባዶ የቀረውም ጥርስ ካርቦን ይሞላበታል። «ገባ» ማለት «ተስማማ» ማለት አይደለም።

ክፍተቱና የከበሩ ማዕድናት

የፑንቲና ዘመን መኪናዎች ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከ0.7 እስከ 0.9 ሚሊ ሜትር ነው። ለዘመናዊ መኪና የተዘጋጀ ካንዴላ ግን ከካርቶኑ ሲወጣ 1.1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሊኖረው ይችላል። ከ0.8 ወደ 1.1 መሄድ በፓሽን ሕግ ስሌት የሚፈለገውን ቮልቴጅ በሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያሳድገዋል። አሮጌ ቦቢና ይህን ሸክም ላይችለው ይችላል። ስለዚህ ክፍተቱን በስስ የብረት ቅጠል መለኪያ ሳይለኩ ማሰር ተገቢ አይደለም።

የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም ካንዴላስ ይሻላሉን? ኒኬል በ1,455፣ ፕላቲኒየም በ1,768፣ ኢሪዲየም ደግሞ በ2,446 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣሉ። ኢሪዲየም ይህን ያህል ጠንካራ በመሆኑ ኤሌክትሮዱን እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ማቅጠን ይቻላል። በቀጭን ጫፍ ላይ የኤሌክትሪክ መስክ ስለሚጠነክር ብልጭታው በአነስተኛ ቮልቴጅ ይዘላል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ይሁን እንጂ ድብልቁ ካልተስተካከለ ኢሪዲየሙም ይጠቁራል፤ የሙቀት ደረጃው ከተሳሳተም ከኒኬሉ እኩል ያጠፋል። ለከፍታ ገና ባልተስተካከለ ሞተር ላይ ርካሹን የመዳብ ካንዴላ ማሰር፣ ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ ስለ ውዱ ማሰብ ብልህነት ነው። ዋጋው ከሌሎች መደብሮች እጅግ የወረደ ውድ ካንዴላ ሲገጥምም የጽሑፉን ጥራት፣ የጥርሱን አጨራረስና የኤሌክትሮዱን መሐል ለመሐል መቆም መመርመር ያስፈልጋል፤ የታወቁ ሥሪቶችን አስመስሎ መሥራት በዓለም ዙሪያ የተለመደ ነውና።

ካንዴላ እንደ ላቦራቶሪ

ከሞተር የወጣ ካንዴላ ብዙ ይናገራል። አፍንጫው ወተት የበዛበት ማኪያቶ መልክ ካለው ድብልቁም ሙቀቱም ደህና ነው። ደረቅና ድብን ያለ ጥቁር ከሆነ ድብልቁ በልጽጓል ወይም ካንዴላው ቀዝቅዟል። እርጥብና ዘይታማ ከሆነ የሞተር ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው፤ ይህን ማንኛውም ካንዴላ አይፈውሰውም። ነጭ ሆኖ ፊኛ መሰል ነጠብጣብ ካወጣ ወይም ኤሌክትሮዱ መቅለጥ ከጀመረ ከመጠን በላይ ግሏል፤ መኪናውን ማቆም ያስፈልጋል።

አሮጌ የጥገና መጻሕፍትን የሚያነቡ ተማሪዎች አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። መጻሕፍቱ የተጻፉት ቤንዚን እርሳስ በነበረበት ዘመን ነው። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እስከ እ.ኤ.አ. 2006 መጀመሪያ ድረስ ይህን ቤንዚን መጠቀም አቁመዋል። እርሳስ የሌለው ቤንዚን በካንዴላው ላይ የሚተወው ቀለም ፈዘዝ ያለ ስለሆነ፣ በመጽሐፉ ሥዕል ላይ ካለው ቡና ዓይነት መልክ ነጣ ብሎ መታየቱ ብቻውን የግለት ማስረጃ አይሆንም።

ለመመርመር ቀላሉ ዘዴ ማነጻጸር ነው። ካንዴላዎቹን በሲሊንደር ቅደም ተከተል ደርድሯቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁረት ካላቸው ምክንያቱ ለሁሉም የጋራ የሆነ ነገር ነው፤ ፊልትሮው፣ ካርቡራቶሩ ወይም የሙቀት ደረጃው ሊሆን ይችላል። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ከተለየ ምክንያቱ በዚያ ሲሊንደር ውስጥ ወይም ወደ እሱ በሚሄደው ሽቦ ላይ ነው። ሁለት ካርቡራቶር ባለው መኪና ደግሞ ሦስቱ የፊት ካንዴላዎች ከሦስቱ የኋላዎቹ ከተለዩ፣ ሁለቱ ካርቡራቶሮች እርስ በርስ አልተመጣጠኑም። ይህ በማንኛውም ሳይንስ የምንጠቀምበት የማነጻጸሪያ ዘዴ ነው፤ መሣሪያ አይጠይቅም፣ ዓይንና ማስተዋል ብቻ ይበቃል።

በማሰሩም ጊዜ ጥንቃቄ ያሻል። ሞተሩ መቀዝቀዝ አለበት። ካንዴላው ጥርሱን እስኪይዝ በእጅ ብቻ መዞር ይኖርበታል። ማጠቢያ ቀለበቱ አዲስ ከሆነ በእጅ ጠብቆ ከቆመ በኋላ በቁልፍ ግማሽ ዙር ያህል መጨመር ይበቃዋል። የአሉሚኒየም ቴስታታ ጥርስ በጉልበት ከተበላ የጥገናው ወጪ ከካንዴላው ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይሆንም። በቂ ካልጠበቀም ሙቀቱ ወደ ቴስታታው የሚያልፍበት መንገድ ስለሚከፋ ካንዴላው ያለ አግባብ ይግላል።

ማጠቃለያ

ለአሮጌ የስፖርት መኪና ካንዴላ መምረጥ የዕድል ወይም የስም ጉዳይ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ በመጀመሪያ ድብልቁን ለከፍታው ማስተካከል፣ ቀጥሎ የጥርሱን ዲያሜትርና ርዝመት ማረጋገጥ፣ ከዚያ የአምራቹን የሙቀት ደረጃ መያዝና የየሥሪቱን ቁጥር በራሱ ደንብ ማንበብ፣ በመጨረሻም ክፍተቱን ለክቶ ማሰር። ከዚያ በኋላ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ጉዞ በኋላ አውጥቶ ማየትና ማነጻጸር ይገባል።

የአዲስ አበባ ስስ አየር ለሞተር በተወሰነ ደረጃ ይራራለታል፤ ግፊቱን ቀንሶ አንዳንድ ስሕተቶችን ይሸፍንለታል። አዋሽ ሲደርስ ግን ሽፋኑ ይነሳል። መኪናውን የሚያዘጋጅ ሰው በተቀመጠበት ከፍታ ላይ የሚታየውን ብቻ ሳይሆን፣ ቁልቁል ሲወርድ የሚጠብቀውንም አስቀድሞ በስሌት ሊያውቅ ይገባዋል።